በአንድ እጅ እርፍ፣ በአንድ እጅ ጅራፍ

ለተማሪ የሚከፈልበት ሥራ ይሰጠው ያልን ዕለት አንድ የተከበሩ ሰው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ብለው ተረቱብን። ተረቱ ደግ ነው፤ የተተረተው ግን ለዛፍ ወጪ ነው። የመንዝ ገበሬ ዛፍ ላይ አይውልም፣ እርሻ ላይ ይውላል። እርሻ ላይ ደግሞ በአንድ እጁ እርፉን ጨብጦ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ ነው ትልሙን የሚያወጣው። ሁለት እጅ የተሰጠው ለዚሁ ነው። ተማሪም በአንድ እጁ ደብተሩን፣ በሌላው ሥራውን ይያዝ። ትልሙ የሚጣመመው አንደኛውን እጅ ስታስሩበት ነው።

ነገሩን በግልጽ እናስቀምጠው። ከመንዝ፣ ከጊሼና ከመርሐቤቴ ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የገበሬ ልጅ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ሠርቶ፣ በላቡ ባገኘው ሳሙናውን፣ ሃንዳውቱንና መሳፈሪያውን እንዲሸፍን፣ ከተረፈም የትምህርት ዕዳውን እንዲያቃልል ሥርዓት ይበጅለት። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ደጃችን ላይ ተከፍቷል። ደጅ ድረስ የመጣ ትምህርት ልጁን በሳሙና እጦት ሊመልሰው አይገባም። ይህን ባልን ቁጥር መቃወሚያው ይደረደርልናል። ዛሬ እያንዳንዱን በየተራ እንመልሳለን። አንደበታችን ቢፈጥንም የምንናገረው ከልባችን ነው።

«ተማሪ ሥራው መማር ነው»

የጠገበ ተማሪ ሥራው መማር ነው። የራበው ተማሪ ሥራው ምሳ ማሰብ ነው።

ይህን የሚሉን ሰዎች የገጠር ልጅ እንዴት እንደሚማር ቀረብ ብለው ይዩ። ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ የጌራ ምድር ልጅ መሐል ሜዳ ላይ ከሁለት ከሦስት ጓደኛው ጋር አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ከትምህርት መልስ ወደ ቀዬው ይሄዳል፣ እሑድ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። የገብስ እንጀራ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ከተገኘ ሽሮ። ሳምንቱ ሲጋመስ እንጀራው ይሻግታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የቆሎና የበሶ ነው። በሄደባት ቅዳሜም ተቀምጦ አይውልም፤ አረም ይነቅላል፣ በግ ይጠብቃል፣ አጨዳ ከሆነ ማጭድ ይይዛል። በእንዲህ ያለ ኑሮ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ፈተናውን አልፎ ግቢ የገባን ልጅ «አንተ ሥራ አትችልም፣ ያደክምሃል» ማለት ልጁን አለማወቅ ነው። ሥራ አድክሞት ቢሆን ኖሮ እዚያ ባልደረሰ።

«መንግሥት በነፃ እያስተማራቸው ምን አነሳቸው?»

በነፃ ያለው ማን ነው? ውል ያስፈረመው ሰው በነፃ አላለም።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወጪ ይጋራል። ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ሊከፍል ፈርሞ ነው የሚማረው። ሲመረቅ ጊዜያዊ ዲግሪውን፣ ልጆቹ «ቴምፖ» የሚሏትን ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ዋናው ዲግሪ ዕዳው እስኪከፈል ይጠብቀዋል። ይህ ስህተት ነው አንልም። የድሃ አገር ትምህርት ዋጋ አለው፣ የተማረም ሊያግዝ ይገባል። ግን «ነፃ» የሚለውን ቃል ከአፋችን እናውጣ።

የምግቡንም ነገር እንንገራችሁ። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ ለብዙ ዓመታት የተመደበው 15 ብር ነበር፤ ቆይቶ 22 ብር ሆኖ ነበር። ቁርስ፣ ምሳና እራት በዚያ ተብቃቅቶ መብላት ምን ማለት እንደሆነ ገበያ የወጣች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ከዚያ ውጪ ያለውን ማንም አልመደበውም። የሃንዳውት ኮፒ፣ የልብስ ሳሙና፣ የሴት ልጅ የወር አበባ መጠበቂያ፣ የስልክ ካርድ፣ ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር አልፎ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚያደርስ የአውቶቡስ ዋጋ፤ የመርሐቤቴው ልጅ ሌላ ግቢ ከተመደበ ጀማን ተሻግሮ፣ በሙከጡሪ ዞሮ የሚከፍለው መሳፈሪያ ሁሉ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀ የለም።

እኛ እናውቃለን፤ ከአባት በረት ነው የሚመጣው። ልጅ ደውሎ «አባዬ፣ ትንሽ ብር ቢገኝ» ሲል አባት የሚያየው በጉን ነው። ያ በግ ውርጭ ገብሱን ለመታበት ዓመት የተቀመጠ ነበር። ዘንድሮ ለሃንዳውት የተሸጠው በግ ለከርሞ ክፉ ቀን አይገኝም። ተማሪ ሥራ ቢያገኝ የሚድነው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ በረቱም ይድናል።

ደግሞም ሕጉ ራሱ መንገዱን ከፍቶታል። ለመምህርነት የሚመረቁ ልጆች ዕዳቸውን በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት እንዲከፍሉ ተፈቅዷል። ሥራ ዕዳ መክፈል እንደሚችል መንግሥት አምኗል ማለት ነው። ከምርቃት በኋላ ለመምህሩ የተፈቀደው ከምርቃት በፊት ለሁሉም ቢፈቀድ ምን ይጎዳል? ተማሪ የሠራት ሰዓት በስሙ ትመዝገብ፤ ከፈለገ በብር ይቀበላት፣ ከፈለገ ከዕዳው ትቀነስለት። ልጁን ዕዳ ማስፈረም ከቻልን ዕዳውን ሠርቶ እንዲከፍልም ማስፈረም አያቅተንም።

«ሥራ ውጤት ያበላሻል»

ልክ የሌለው ሥራ ያበላሻል። ለዚያ ነው ልክ ይበጅለት የምንለው።

ልኩ ደግሞ ተሞክሮ የታየ ነው። በአሜሪካ ኬንታኪ ውስጥ ቤሪያ የሚባል ኮሌጅ አለ፤ ከተማሪዎቹ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፣ ግን ማንኛውም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። በዚያው አገር የውጭ ተማሪ ትምህርት ላይ ባለበት ወቅት በግቢው ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ሕጉ ይከለክለዋል። የኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙሉ ጊዜ ሠራተኛን በሳምንት ከ48 ሰዓት አያሳልፈውም። እኛ የጠየቅነው 10 ሰዓት ነው። የሙሉ ሠራተኛ ሳምንት ሲሶም አይሞላም። በፈተና ሳምንት ደግሞ ጭራሽ አይሠራ።

ውጤት የሚያበላሸውን ታውቁታላችሁ? በድብቅ የሚሠራው ሥራ ነው። ተማሪው አሁንም እየሠራ ነውና። ዓርብ ማታ የሴቶች ዶርም ግቡ። አንዷ ልጅ የታችኛው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሹሩባ ትሠራለች። የምትሠራላት ልጅ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ዘንበል አድርጋለች፤ ሁለት ሌሎች ተራ ይጠብቃሉ። ሠሪዋ ጉልበት ላይ የሰኞው ፈተና ሃንዳውት ተዘርግቷል። ጣቷ ጠጉር ይጎነጉናል፣ ዓይኗ ፎርሙላ ያነባል፣ ከንፈሯ ቃሉን ይደጋግማል። ገጹን መግለጥ ሲያስፈልጋት በክርኗ ነው የምትገልጠው። እስከ እኩለ ሌሊት እንዲህ ትቆያለች። በዚያው ሰዓት ወንድሟ ከተማ ውስጥ ምግብ ቤት ሳህን ያነሳል፤ እረፍት ሲመጣ ግንባታ ላይ ድንጋይ ይሸከማል። ሰዓቱን የሚቆጥርለት፣ ዋጋውን የሚያስከብርለት የለም። ለግል ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በሌለበት አገር አሠሪው «ተማሪ ነህ፣ ምን ያደርግልሃል» ብሎ ግማሽ ሲከፍለው ወዴት ይጮኻል?

እንግዲህ ምርጫው «ይሥራ ወይስ አይሥራ» አይደለም። ልጁ ይሠራል። ጥያቄው በሌሊት ተደብቆ ይሥራ ወይስ በቀን፣ በወግ፣ በተቆረጠ ዋጋ ይሥራ ነው።

«ለተመረቀው ሥራ ጠፍቶ ለተማሪው ከየት ይምጣ?»

ለተመረቀው ሥራ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ሳይሠራ መመረቁ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ይላል፤ ልጁ ግን አራት ዓመት ሙሉ «ሥራ አትንካ» ተብሎ ነው የወጣው። የቴክኒክና ሙያ ሥልጠናችን ይህን ካወቀ ቆይቷል። ሠልጣኙን በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ እያስገባ ከአሠሪ ጋር ያስተዋውቀዋል። ዩኒቨርሲቲው ከሙያ ተቋሙ ለመማር አይፈር።

ሥራው የት እንዳለ ደግሞ እኛ እንቁጠርላችሁ። ቤተ መጻሕፍት እስከ ሌሊት ክፍት እንዲሆን የሚያገለግል ሰው ይፈልጋል። ኮምፒዩተር ክፍል የተበላሸ የሚጠግን፣ ሬጅስትራር ፋይል የሚያስተካክል፣ ላውንጅ የሚያስተናግድ፣ ግቢው ችግኝ የሚያጠጣ ይፈልጋል። አንደኛ ዓመት ሒሳብ ያቃተውን ፍሬሽ የሚያስጠና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ገና ከግቢው በር ሳንወጣ ነው።

ከበሩ ስንወጣ ደግሞ አገሩ በሥራ የተሞላ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ይህን ያየ ሰው «አስጠኚ የት ይሥራ?» ብሎ አይጠይቅም። ክረምት ላይ ፈተናውን ያለፈ የራቤል ልጅ ራቤል ላይ፣ የዘመሮ ልጅ ዘመሮ ላይ፣ የዓለም ከተማ ልጅ ዓለም ከተማ ላይ ቢያስጠና፣ ለሚያስጠናውም ቢከፈለው፣ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ለወረዳው ማን ያመጣለታል? በተለይ ግጭት ትምህርት ቤት ዘግቶባቸው ዓመት የባከነባቸው ልጆች ባሉበት አገር ይህ ሥራ ቅንጦት አይደለም፣ ካሣ ነው።

ይህም አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ደንብ ወጣ፤ አብዛኛው በአስተማሪነት ነበር የሚሄደው፣ ለኑሮውም አበል ይቆረጥለት ነበር። በዚያ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ተማሪ ከእነዚያ ወጣቶች እጅ ተምሯል። አያቶቻችን አንድ ሙሉ ዓመት ካደራጁ እኛ በሳምንት አሥር ሰዓት ማደራጀት አያቅተን።

በጉንስ አትርሱት። የመንዝ በግ በብርድና በደጋ የጸና ዘር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ አርቢዎች በማኅበር ሆነው ከተመራማሪዎች ጋር ዘሩን የማሻሻል ሥራ ጀምረዋል፤ ከጠቦቱ ሁሉ ምርጡ አውራ ተለይቶ ለመንደሩ መንጋ ይቀራል። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ግን ትጋት ይፈልጋል። ጠቦቱን በሚንጠለጠል ሚዛን ትሰቅለዋለህ፤ ይፈራገጣል፣ እስኪረጋ ትጠብቃለህ። የጆሮ ቁጥሩን ታነባለህ። የተወለደበትን ቀን፣ የእናቱን ቁጥር፣ መንታ መሆን አለመሆኑን፣ የስድስት ወር ክብደቱን በደብተር ትጽፋለህ። አንዲት ቁጥር ከተሳሳትህ የማይረባው አውራ ሆኖ ይቀራል። ይህን ከእረኛነት ተነስቶ የእንስሳት ሳይንስ ከሚማር የመንዝ ልጅ የተሻለ ማን ይሠራዋል? እዚያው መንዝ፣ ጓሳ በሚባለው የሣር ምድር ላይ ደግሞ ጭላዳ የሚቆጥር፣ ቀይ ቀበሮ የሚከታተል፣ እንግዳ የሚመራ ያስፈልጋል፤ ባዮሎጂ ለሚማረው ልጅ ትምህርቱም ደመወዙም አንድ ቦታ ነው።

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፣ ለኛ አይሆንም»

የቆሎ ተማሪ አሜሪካን በምን አወቃት?

ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከመንደር መንደር የተማረው ያ ልጅ ለመምህሩ እንጨት ይለቅም፣ ውሃ ይቀዳ፣ ብራና ይፍቅ፣ እጁ ሲፈታ ዳዊት ይጽፍ ነበር። እየሠሩ መማር ከኛ ደጅ ያልጠፋ ነገር ነው። እኛ ያልነበረንን አላመጣንም፤ የነበረን ደመወዝና ደንብ ይጨመርበት ነው ያልነው።

ከአሜሪካም ቢሆን የሚጠቅም ነገር ከተገኘ ይወሰዳል። ለተማሪ ሥራ የመንግሥት ገንዘብ የመደበውን ሕግ በ1964 እ.ኤ.አ. የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን፣ ራሳቸው ቴክሳስ ውስጥ በሳን ማርከስ መምህራን ኮሌጅ ሲማሩ የጽዳት ሥራ የሠሩ፣ ገንዘብ ሲያጥራቸውም ትምህርታቸውን አቋርጠው ኮቱላ በምትባል ከተማ የድሃ ልጆችን ያስተማሩ ናቸው። በዚያ ሕግ የተጀመረው የተማሪ ሥራ እስከ ዛሬ አለ፤ በአብዛኛው ከተማሪው ደመወዝ እስከ 75 በመቶው ከፌዴራል መንግሥት፣ ቀሪው ከአሠሪው ነው። ሕጉን ያወጣው መጥረጊያ የያዘ እጅ ነው።

ቤሪያንም ደግመን እናንሳው፤ ለኛ የተሠራ የሚመስል ታሪክ አለውና። በ1855 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ይህ ኮሌጅ አብዛኞቹ ተማሪዎቹ የሚመጡት አፓላቺያ ከሚባል ተራራማ የድሆች አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ፕሬዚዳንቱ ዊልያም ፍሮስት የተራራው እናቶች እቤታቸው የሸመኑትን የአልጋ ልብስ በትምህርት ክፍያ ፈንታ መቀበል ጀመሩ። ከዚያ ኮሌጁ ሽመናውን የተማሪ ሥራ አደረገው፤ እስከ ዛሬ ተማሪ ይሸምናል፣ ኮሌጁ ይሸጣል፣ ተማሪው ይማራል።

አሁን ወደ መንዝ ተመለሱ። እናቶቻችን የበግ ጠጉር ፈትለው፣ ሸማኔ ሸምኖት፣ ባና እና ዝተት ሆኖ ብርዱን አሳልፎናል። በርኖሱ ከእኛ አልፎ ለስንቱ ተረፈ። ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። በጉ አለ፣ ጠጉሩ አለ፣ ሙያው አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ የጎደለው አንድ ላይ የሚያስቀምጣቸው ሰው ብቻ ነው። ዲዛይን የሚማረው ይንደፍ፣ ንግድ የሚማረው ገበያ ያፈላልግ፣ ኬሚስትሪ የሚማረው ቀለሙን ያሻሽል፣ ሸማኔውም አስተማሪ ተብሎ ይከፈለው። ኬንታኪ የሸመነውን መንዝ አያቅተውም።

«ልጄን ግቢ የላክሁት ሊላላክ ነው እንዴ? የሰው ፊት አለ!»

እትዬ፣ የሰው ፊት የሚያሳፍረው ስትለምኚው እንጂ ሠርተሽ ስትቀበይው አይደለም።

ይህን የሚሉ ወላጆችን በጣም እናከብራለን፤ የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ራሳቸው የለፉትን ልፋት ልጃቸው እንዳያይ ነው። ግን ልጅን ከሥራ መጠበቅና ልጅን ከውርደት መጠበቅ አንድ አይደሉም። እጀ ጥበብን ስንንቅ፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በስም ስንሳደብ የኖርን ሕዝብ ነን፤ በዚያም የከሰርነው እኛው ነን። ቤተ መጻሕፍት የሚያስተናግድ ልጅ መጽሐፍ ያውቃል። ሒሳብ የሚያስጠና ልጅ ሒሳቡን ሁለቴ ይማራል። ሳህን ያጠበ ልጅም ነገ ኃላፊ ሲሆን ሳህን አጣቢውን አይንቅም። ሴት ልጅሽ በላቧ የምትይዘው ብር ደግሞ ከብዙ ነገር ይጠብቃታል። ችግሯን አይቶ «እኔ እረዳሻለሁ» የሚል ክፉ ሰው ሲመጣ «አለኝ» የምትለውን ልጅ አይደፍራትም።

«ለዘመድ ነው የሚሆነው»

ይህኛው መቃወሚያ እውነት አለበት፤ ስለዚህ በደንብ እንመልሰው።

ሥርዓት ከሌለው ለዘመድ ይሆናል። ሥርዓት ማበጀትን ግን ለመንዝ ማንም አያስተምረውም። ጓሳን አስቡት። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ጀምሮ የተዘረጋው ያ የሣር ምድር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ተጠብቆ ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ማን መቼ እንደሚያጭድ ይታወቃል፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ይዞታው ሲለወጥ ሥርዓቱ ላላ፣ ሣሩም ተጎዳ፤ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ደንብ አቁሞ ጥበቃውን ሲይዘው ደግሞ ጓሳ አገገመ። ሣርን በፍትሕ የከፈለ ሕዝብ የሥራ ሰዓትን በፍትሕ መክፈል አያቅተውም።

ደንቡ ይህ ይሁን። እያንዳንዱ ሥራ፣ ሰዓቱና ክፍያው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ቅድሚያው ለተቸገረ ይሁን፤ ችግሩን ቀበሌው ያረጋግጥ፣ የተማሪ ኅብረት ተወካይ ባለበት ይታይ። የተመረጡት ስም ከነምክንያቱ ይለጠፍ። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርሻ ይጠበቅ። ሰዓት በፊርማ ይመዝገብ፣ ክፍያ በባንክ ይግባ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ብር አይኑር። ማንም አስተማሪ ተማሪን በማርክ አስፈራርቶ የግል ሥራውን አያሠራ፤ ያሠራም ይጠየቅ። ተማሪውም ሁለት ጊዜ ከቀረ ተራውን ለሌላ ይልቀቅ። ይህ ሁሉ አንድ ገጽ አይሞላም።

«ገንዘቡ ከየት ይምጣ?»

ገንዘቡ ቀድሞም እየወጣ ነው፤ ተማሪ ጋ አይደርስም እንጂ። ዩኒቨርሲቲ ለጽዳት፣ ለችግኝ፣ ለመረጃ ማስገባት፣ ለጥናት መረጃ ሰብሳቢ የሚያወጣው ብር አለ። ከዚያ ላይ የተማሪ ድርሻ ይለይ። ለየምርምሩ መረጃ ሰብሳቢ ሲቀጠር መጀመሪያ ለተማሪ ይቅረብ። ደብረ ብርሃን የቢራ፣ የብርድ ልብስና የሌላም ፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ፋብሪካው ለክረምት አሥር ተማሪ ቢወስድ አይከስርም፣ ነገ የሚቀጥረውን ሰው ዛሬ ይመርጣል።

የአገር ልጅም አለ። አዲስ አበባ የከበረው፣ ባሕር የተሻገረው የመንዝ፣ የጊሼና የመርሐቤቴ ተወላጅ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለትምህርት ቤት ግንብ ሲጠየቅ እጁን ዘርግቷል። ውጭ ያለው ደግሞ ነገሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዋሽንግተን ላይ ቀን ተምሮ ማታ መኪና ያቆመ፣ ሆቴል ያጸዳ ስንት ነው? ዛሬ ዶክተር ሆኖ «እየሠራሁ ነው የተማርሁት» ሲል አንገቱን ቀና አድርጎ ነው። ያንን ቀናነት ለእህትህ ልጅም ስጠው ወንድሜ። ለአንድ ተማሪ የአንድ ሴሚስተር ደመወዝ ብትችል፣ ምጽዋት ሰጠህ አይባልም፤ የአስጠኚ ደመወዝ ከፈልህ ይባላል፣ ያስጠናቸውም ልጆች ይቆጠሩልሃል።

ጊዜውም አይጠብቅም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም በዚያው መንገድ እንዲሄዱ ታስቧል። ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ገቢውን ራሱ ይፈልጋል፤ ያ ገቢ ከየት እንደሚመጣ የገበሬ ልጅ ቀድሞ ይገባዋል። የትምህርት ክፍያው ሳይመጣ ሥራው ይምጣ።

ለተማሪውም አንድ ቃል

አንተም ስማ፣ አንቺም ስሚ። ይህን ሁሉ የምንከራከርላችሁ አደራ እንደምትጠብቁ ስለምናምን ነው። የተሰጣችሁን ሰዓት አክብሩ። ያልሠራችሁትን አትፈርሙ፤ የአንድ ሰው የውሸት ፊርማ የመቶውን እንጀራ ያስቀራል። ደመወዛችሁን በልኩ ያዙ፣ ለታናናሾቻችሁም አስቡ። ሥራው ፈተናችሁን ሲነካባችሁ በግልጽ ተናገሩ፤ መጀመሪያ የመጣችሁት ለትምህርቱ ነውና።

ደምድመን እንሂድ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሆይ፣ በመጪው የትምህርት ዘመን በመቶ ተማሪ ጀምር። በሳምንት 10 ሰዓት፣ በተለጠፈ ዋጋ፣ በታወቀ ደንብ። ወረዳዎች ሆይ፣ የክረምት አስጠኚ በጀት ያዙ። ትምህርት ሚኒስቴር ሆይ፣ የተሠራች ሰዓት ከወጪ መጋራት ዕዳ እንድትቀነስ ፍቀድ። የመንዝ፣ የጊሼና የመርሐቤቴ ልጅ የጠየቃችሁ ምጽዋት አይደለም። ሰዓትና ደመወዝ ነው የጠየቀው። ስጡት።